ከሹክ ባይዋ ሣጥን

ፊቱን እናንተ እዩት፣ እኔ ጫማውን አውቃለሁ፤
ከመድረኩ ከንፈር ሥር ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ፣
በእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ሻማ የምታህል አምፖል ይዤ፣
ቃል ለጠፋው ቃል ላቀብል በየገጹ ላይ ፈዝዤ።

ቻፕላሮሽ ቬንዴል ይባላል። ባገራችን የቤት ስም ይቀድማል፤
እናት ያወጣችው ስም ከኋላ ቆሞ ይሰማል።
እሱም እንደ ስሙ ኖረ፤ ከፊት ሌላ፣ ከኋላ እሱ፤
ወይን ቀጂ፣ በር ከፋች፣ ካባ አንሺ ለንጉሡ።

መጀመሪያ ያየሁት ሴገድ ነው፣ ቲሳ ወንዝ በሞላበት ዓመት፤
አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ፣ የግራው ተረከዝ ያለቀበት፤
በጋዜጣ ጠቅጥቆታል፤ ሲራመድ ወረቀቱ ያጉረመርማል፤
“ጌታዬ፣ ሠረገላው ደርሷል” — ይችን ብሎ ይወጣል።
ሦስት ቃል ናት።
ግን ሦስቷን ሲላት
ዝናብ ይሸተኛል፤
ፈረሱ ውጭ ቆሞ ሲያሽካካ ይሰማኛል።

ኋላ ፊልም ሠሪዎች ከቡዳፔስት መጡ፣ አገጩን ወደዱት፤
ፖስተኛ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ቀባሪ፣ ሰካራም ዳኛ አደረጉት፤
አንዴም ሬሳ፣ ያውም ሦስት ቀን በረዶ ላይ ተጋድሞ፤
“ስንት ከፈሉህ?” ስለው፣ “ከሕያው እኩል” አለኝ ተገርሞ።

በዚያ በጥቅምት፣ ባንዲራው መሐሉ ተቀዶ ሲውለበለብ፣
ከቲያትር ቤቱ ደረጃ ላይ የሟቾችን ስም ሲያነብ፣
ሹክ ባይ አላስፈለገውም። አንድም ስም አልሳተ።
ከዚያ ሁለት ዓመት መጋረጃ እየሳበ ሰነበተ።

ሲመልሱት አፍ የሌለው ሚና ሰጡት፤ ዲዳ አትክልተኛ።
ለዲዳ ምን ቃል ይቀበላል? ሥራ ፈታሁ እኔ ብቸኛ።
አንድ ምሽት ግን ጫማው ከሣጥኔ ፊት መጥቶ ቆመ፤
ቆመ፣ ቆመ፤ አዳራሹ ሁሉ ከሱ ጋር ዝም አለ፤
እኔም ዝም ብዬ
ዝምታ አቀበልኩት።

ይኸንን ግን ልንገራችሁ፤ ሶልኖክ ባቡር ጣቢያ፣ በየካቲት፣
ለትርኢት ስንዞር፣ አንዲት ባለ ጥቁር ሻርፕ ባልቴት
መንገድ ዘጋችበት። “አንተ ነህ! ፖስተኛው! በሲኒማ አይቼሃለሁ፤
በብስክሌት ለሰው ሁሉ ስታደርስ ተመልክቻለሁ፤
የኔን ልጅ፣ የኤሌሜርን ደብዳቤ የት ጣልከው?
ኦስትሪያን ከተሻገረ ይኸው አምስት ዓመቱ ነው!”

ተዋናዮቹ ሳቁ።
እሱ ባርኔጣውን አወለቀ።
(ፊቱን በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ተራ ፊት ነው፣ ትንሽ ፈንጣጣ ያለበት።)
“እመቤቴ፣ መንገዱ በረዶ ነው። ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ፤
ከረጢት ሲከብድ የታችኛው ነው ኋላ የሚወጣ።”

ይኸን ቃል ማንም አልጻፈለትም፤
ሠላሳ ዓመት ጽሑፍ ይዣለሁ፣ በየትኛውም ገጽ የለም።
ባልቴቷ እጁን ያዘች፤ ከ“አንተ” ወደ “እርስዎ” ተሻገረች፤
“እንግዲያ እግርዎን ይጠብቁ፣ ጫማዎ ስስ ነው” አለች።
ያን ዕለት ማታ ጨዋታው ላይ ቃል ጠፋው፤
በሠላሳ ዓመት አንዴ። “ሠረገላው” አልኩት።

ሲሞት ቲያትር ቤቱ ጥቁር ባንዲራ ሰቀለ፤
ጋዜጣው ስሙን ባንድ ፊደል ሳተና ይቅርታም ሳይል ቀረ።
ፋርካሽሬት መቃብር፣ ሰባት ሰው፣ አንድ የተሰባበረ ቃጭል፤
ቀባሪው አካፋውን ተደግፎ ለጓደኛው እንዲህ ሲል፦
“ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የኛ ሙያ ሰው ነው።
በሲኒማ ካየሁት ሁሉ አካፋ መያዝ ያወቀው እሱ ነው።”

ሣጥኑ ወረደ።
ሹክ ልለው ጎንበስ አልኩ፤ ምናልባት ቃል ቢጠፋው።
አልጠፋውም።
እዚያው ጫፉ ላይ ቆሜ ነገሩ ቆይቶ ገባኝ፤
አሁን በሣጥን ያለው እሱ ነው፣ ከታች ሆኖ የሚያየኝ፤
የሚያየውም ጫማዬን ነው።
ጭቃ ነበረበት።
ሳልወለውለው በመምጣቴ አፈርኩ።