ፍራንክ

ቬንዴል በዕድሜው ሙሉ አልፕስን ያየበት
ቸኮሌት መጠቅለያ ላይ ነበር፣ በልጅነት።
ከቲሳ ወንዝ ማዶ ባቡር ሲጠግን ኖሮ፣
ለሚስቱ ለፒሮሽካ ቤት ሊገዛ ተበድሮ፣
ገንዘቡን በፎሪንት ቢጠይቅ በአገሩ፣
«በስዊስ ፍራንክ ይሻላል፣ ቀላል ነው ነገሩ፤
ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ሁሉም ያንን መረጠ»
አለችው ኤሜሼ፣ ጣቷ እየሮጠ፤
«እኔም ራሴ ወስጃለሁ» ብላ ፈገግ አለች፣
ብዕሩን አዙራ ለቬንዴል ሰጠች።

ፍራንክ! በእኛ አፍ እንኳ የሳንቲም ቅጽል ነው፣
ለሻይ የማይበቃ፣ ከኪስ የምንጥለው።
እነሱ መች ሰሙት የስሙን ሹክሹክታ፣
ፈረሙ፣ ተጨባበጡ፣ ወጡ በደስታ።

ቤቱ ምን ነበረው? ሁለት ክፍል፣ ጓዳ፣
አንድ የፕሪም ዛፍ፣ ጎኑን በረዶ የጎዳ፣
አረንጓዴ ምድጃ፣ የሸክላ ግድግዳ፣
አማቱ የሠራው፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ ዕዳ።

ከዚያ በአንድ መኸር፣ ሩቅ አገር፣ ከፎቅ ላይ
አንድ ነገር ወደቀ፣ ሳይሰማ፣ ሳይታይ፤
ፎሪንት ሲንሸራተት ፍራንክ ተራራ ወጣ፣
በወር ስድሳ ሺው መቶ አሥር ሺህ ሆኖ መጣ።
ቤቱ ያው፣ ጣሪያው ያው፣ አንድ ጡብ አልጨመረ፣
ዕዳው ግን በሌሊት ፎቅ ሲሠራ አደረ።

ጎረቤቱ በራዲዮ የኳስ ውጤት ሲሰማ፣
ቬንዴል አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣
ምንዛሪ ይጠብቃል ጆሮውን ደቅኖ፤
«ዛሬስ?» ትላለች ፒሮሽካ፣ ድምጿ መንምኖ።
«ወጥቷል።»
ከዚያ ዳቦ ይቆረጣል።

መጀመሪያ መኪናው፣ ቀጥሎ የእሷ ቀለበት፣
ከዚያም የእህቱ ብድር፣ ሌላ ብድር ሊከፍልበት፤
ሦስት ወር ሲዘል ደብዳቤው ጀነነ፣
«ክቡር» የሚለው ቀርቶ ቁጥር ብቻ ሆነ።

በዚያ አገር ሕግ አለ፦ በክረምት ሰው አይወጣም፤
በበረዶ ወራት ቤት የሚያሽግ አይመጣም።
ስለዚህ ሰው ሁሉ ፀደይን ሲናፍቅ
ሁለቱ በመስኮት፣ በረዶው እንዳያልቅ
ይጸልዩ ነበር።
ፕሪሙ ግን አበበ፣ ነጭ በነጭ፣ ያለ ሐፍረት።

በዋዜማው ሌሊት መዶሻ በጨርቅ ጠቅልሎ
ምድጃውን ፈታው፣ ሸክላ በሸክላ ነጥሎ፤
(ከግድግዳ የተጣበቀ ሁሉ የባንኩ ነው፣ ይላል ሕጉ።)
በየጀርባው ቁጥር ጻፈ፣ በጋዜጣ አሰረ፤
ሲነጋ ግድግዳው ላይ ጥላሸቱ ቀረ።

አስፈጻሚው መጣ፣ ከቁልፍ ሠሪ ጋር።
ዙሪያውን አየ፣ ጥላሸቱን በጣቱ ነካ፣
«ማሞቂያ፦ የለም» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።
ቀና ብሎም ቬንዴልን አላየው።

እዚህ ስደርስ ቤት አልመታ አለኝ።
ሞከርኩ። «በር» ስል «ነበር» መጣ፣ ተውኩት።
ቤት ያጣ ሰው ቤት በሚመታ ግጥም
ቢነገር ነውር መሰለኝ።

በሐራጅ ተሸጠ፣ በግማሽ ዋጋ።
የቀረው ዕዳ አብሯቸው ተከራየ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ጭስ መውጫ የሌለው አንድ ክፍል።
ሰማንያ ሦስቱ ሸክላ አልጋው ሥር ተደርድሯል፣
እንደ ቀዘቀዘ ይተኛል።

በበጋው መጨረሻ ፒሮሽካ
በምሽት ወደ ድሮው አጥር ሄደች።
የገዛው ሰው አልገባበትም፤ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣
የረገፈውን ፕሪም ተርብ ይበላዋል።
የገዛ ዛፏን ሰርቃ፣ ሻርፗን ሞልታ ዞር ስትል
ሌላ ሴት ባልዲ ይዛ ቆማለች፤
ኤሜሼ፣ የባንኳ።
«የእኔም ባለፈው ወር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ፒሮሽካ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ጎትታ
ያዘችላት።

ቬንዴል ዛሬም በማለዳ ራዲዮ ይከፍታል።
«ወርዷል» አለ አንድ ቀን።
«ምኑ?» አለች፣ ፕሪም እየፈለቀቀች።
«ፍራንኩ።»
ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ድስቱን አየች።
«ስኳሩ አይበቃም» አለችው።