አካፋው

ከለገሃር ጀርባ፣ ክሬኑ ሲዞር፣
ባቡሩ ሲንሳፈፍ በኮንክሪት እግር፣
አንዲት ሜዳ አለች፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ያላት፣
ዙሪያዋን ባንክ ቤቶች ቁልቁል የሚያዩዋት።

እኔ ቦርሳ ያዥ ነኝ፤ አሥራ አራት ዱላ
ተሸክሜ እውላለሁ፣ እስኪረዝም ጥላ።
ይህን ያህል ዱላ ይዤ ስመላለስ፣
ጠቡ የነሱ ነው፤ የኔ ሥራ ማድረስ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኢንጂነር ሽመክት
አንድ ጉድ አመጡ፣
በፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ እናት።
ዌጅ ነው ይላሉ።
ሆዱ እንደ ጭልፋ፣ ፊቱ እንደ ወንፊት፣
አንገቱ የዝይ፣ ተረከዙ የግመል፣
ዘሩን ቢጠይቁት የሚመልስ አይመስል።

ኮሎኔል መርዕድ ቀድመው ነው የሳቁ፦
«ይሄማ አካፋ ነው! ከዚያ ፎቅ ጠይቁ፣
ግንበኞቹ አጥተውት እንዳይጨነቁ።»

ወይዘሮ ውዳላት መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፦
«እኔ ኳስ ስመታ ቁልቁል ነው የማየው፤
እግሬ ሥር የቆመው ካስጠላኝ፣ እጄ ምን ሊሠራው?
ዓይን ያልወደደውን ክንድ አይታዘዘው።
የሱን ወንድም ባለፈው ሞክሬ ነበረ፤ አልዋሽም፣
ኳሷ ወጣች። እኔ ግን ደስ አላለኝም።»

ገመዳ ከባንክ ቤት፣ ቁጥር የሚወደው፦
«ሰፊ ግርጌ ያለው አሸዋ ላይ አይቀበርም፣
ይንሸራተታል እንጂ አፈር አይቆፍርም።
ያ ቀጭኑ ምላጭ ለባለ እጅ ነው፤
እንደኛ ላለው ሰው፣ ቅዳሜ ለቅዳሜ ለሚለማመደው፣
ቆንጆ ዱላ ማለት ኳስ የሚያወጣው ነው።»

«መልክ ከፈጣሪ፣ ሙያ ከጎረቤት»
አሉ ኢንጂነሩ፣ ዱላቸውን ሲያብሱት።
ኮሎኔሉም ቀበል፦ «የማን ጎረቤት?
እኔስ በሬን ልዝጋ፤ አልሄድም ሠርጉ ቤት።»

እኔን የጠየቀኝ የለም።
እኔ ግን ቆጠርኩኝ፣ ሬኩን ተደግፌ፣
በጣቶቼ አንጓ፣ ተዘግቶልኝ አፌ፦
በአካፋው ከአሥር ሰባት። በቀጭኑ አራት።
ከአካፋው አንዷ ግን አጥሩን ዘልላ ሄደች፣
ምናልባት በባቡር ጣሪያ ቃሊቲ ገባች።
ከሰርዶ ላይ ደግሞ ቀስ በል ቢሉት አይሰማም፣
ድምፁም ጣሳ እንደ መርገጥ ነው፤ አያምርም።
እውነቱ ይኼ ነው። ግማሹ ለሁሉም።

ሲመሽ፣ በስታዲየም በኩል መብራት ሲለኮስ፣
ቦርሳዎቹ ሁሉ መጋዘን ሲገቡ፣
ኮሎኔሉ ቀሩ፣
የጫማቸውን ክር እንደሚያስሩ ሆነው።
«ያንን አካፋ አምጣ» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው።
አሸዋው ውስጥ ገቡ።
አንዴ። አንዴ ብቻ።
ኳሷ ብድግ አለች ከሞቀ መኝታ እንደሚነሣ ሰው፣
ሳትቸኩል፣
ባንዲራው ሥር መጥታ ቁጭ አለች፣ እንደ ቤተኛ።
ዝም አሉ።
ግርጌውን በመሀረባቸው ጠረጉና መለሱልኝ፣
«ይሠራል» አሉ። «ከሱ ጋር ግን አልታይም።
ሰማህ? ለማንም።»

የኔን ዌጅ ማን አይቶት!
ራሱ የሐዲድ ችንካር፣ ከአሮጌው ባቡር፣
ጌጃ ሰፈር ሳይፈርስ፣
ቀፀላ በያጁ የሠራልኝ፣ በአሥራ አምስት ብር።
ዘንጉ የግንበኛ ፌሮ፣ እጀታው የብስክሌት ጎማ፣
ኳሴም ከቦይ የተለቀመች፣ ፊቷ የተላጠ።
በሱ ነው የተማርኩት፣ በጨረቃ፣ በጎዳና መብራት፣
በሰው ሜዳ፣ ሰው ሲተኛ።
ፉንጋ ነው ያለው የለም፤ አማረ ያለም የለም።
ለመጠላትም እኮ መታየት ይቀድማል።

በማግሥቱ እሑድ ክርክሩ ቀጠለ።
ኮሎኔሉ «አካፋ!» አሉ፣ እንደ ትናንቱ፣
ሲሉ ግን ዓይናቸው ሰረቅ አድርጎ እኔን አየ።
እኔ አቀርቅሬ ነበር፣ ሬኬን ይዤ፣
ከሌሊቱ በአሸዋው ላይ የቀረውን ዱካ ሳጠፋ፣
የሳቸውንም፣
የኔንም።