እርማት

የዳስ በዓል አልፎ፣ ዘንባባው ተጥሎ፣
ኪርያት ጋት ከሰዓት አቧራ ለብሶ ውሎ፣
እኔ ወለል ላይ ነኝ፣ ቦርሳዬን ዘርግቼ፣
ከኢየሩሳሌም የመጣልኝን ዝርዝር ጉልበቴ ላይ አስጥቼ።
ደብተር። ገዛሁ።
የባቡር ካርድ። ሞላሁ።
መቅረጸ ድምፅ። ያገለገለ፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ፣
ከአዛነው ሱቅ በዱቤ አመጣሁ።

የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪ፤
በሠላሳ ዓመቴ አዲስ ተማሪ።
ስድስት ዓመት ሙሉ በአረጋውያን ቤት
አንሶላ ስቀይር፣ ሌሊት ከሌሊት፣
ያጠራቀምሁት ሰቅል ክፍያውን ሸፈነ፣
ከቅጹ አንድ መስመር ብቻ ባዶ ሆነ፦
"በሙያው ያለሽ የሥራ ልምድ" ይላል።
ምን ይባላል?

ሰባት ዓመቴ ላይ ባንክ ቤት ቆሜያለሁ፣
በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ ወለድ ተርጉሜያለሁ፤
የመብራት ሒሳብ፣ የቤት ኪራይ ውል።
መምህሬ ስለ እኔ የጻፈችውን ወቀሳ ግን
አልተረጎምሁትም በውል፤
"ጎበዝ ናት ትላለች" አልሁ። እማዬ አመነችው፣
ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፣
ለመጣ እንግዳ ሁሉ አሳየችው።

ከዚያ ዘጠኝ ሞላኝ። አሽቀሎን፣ ሆስፒታል።
ረጅም ኮሪደር። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል።
ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ነገረኝ፣
የሚያናግረው ሌላ ሰው አጥቶ እኔን መረጠኝ፦
"ከሳምንት አያልፍም።"
ግሱም ቁጥሩም ገባኝ። አልገባኝም አልልም።
እማዬ የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች
"ምን አለሽ?" አለች።
"ዕረፍት ያስፈልገዋል።"

ዕረፍት ብዬ ነበር፤ እውነትም አረፈ፣
በአራተኛው ሌሊት፣ ብቻውን፣ አለፈ።
የመጀመሪያ ዜናዬ ዜና ዕረፍት ነበረ፤
ተናገርሁት፣ ግን ሳይሰማ ቀረ።

ዛሬ ማታ መቅረጫውን ልሞክር ብዬ
እማዬን አስቀመጥኋት፣ ወንበር አቀብዬ።
ቀዩ መብራት በራ። "ስምዎን ይንገሩኝ።"
"ስሜን አታውቂም እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ፤
ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበች፣
"ትርፌ አበጀ" አለች።
ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጨርስ
መሣሪያውን በጣቷ ገፍታ ወደ እኔ እስኪደርስ፦
"እኔ ልጠይቅሽ። ያኔ አሽቀሎን
ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?"

መቅረጫው ውስጥ ያለው፦
ዐሥራ አንድ ሰከንድ ዝምታ፣
የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ፣
ከላይ ፎቅ የሚጎተት ወንበር፣
ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ያልጎረመሰ ይመስል ነበር፦
"ከሳምንት አያልፍም አለ። ደበቅሁሽ።"
"በስንተኛው ቀን ሞተ?"
"በአራተኛው።"

አራት ቀን፣ አለች። አራት ቀን ቤት ተመልሼ
ሸሚዙን አጠብሁ። ተኮስሁለት፣
ድኖ ሲወጣ የሚለብሰው ብዬ።
እጁን እይዘው ነበር።
አልተቆጣችም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም።

ጋዜጣ ሲሳሳት በማግስቱ ያርማል፤
በውስጥ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከአየር ጠባዩ ሥር
"እርማት" ብሎ ያትማል።
የእኔ ሃያ አንድ ዓመት ዘገየ።
እማዬ መብራት ሳታበራ ወደ ጓዳ ገብታ
"ያለቀስሁትማ በድንገት ለሞተ ሰው ነው፤
ቀን ለተቆረጠለት ለዚያኛው
አሁን ነው እርሜን የማወጣ" አለች።
ተከትያት አልገባሁም።
ቅጹን አነሣሁ፦ "አስተርጓሚ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ።
ስሕተት፦ ሁለት። አንዱ ማቀዝቀዣው ላይ ነበር።"
ሁለተኛውን ሰረዝሁና እንደገና ጻፍሁት።

ብዙ ቆይቶ ከጓዳው ድምፅ መጣ፦
"ባቡርሽ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣ?
ትክክሉን ንገሪኝ።"
"በእነሱ ስድስት ከሃያ" አልሁ።
"በእኛ ዐሥራ ሁለት ከሃያ።"