ቁጥር መቶ አርባ አንድ፣ ገጽ ዘጠኝ

ሻርጃ ነው። አዳራሹ ውስጥ እንደ በረዶ ቤት ይበርዳል፣
ውጭ አስፋልቱ የጫማ ሶል ይልሳል።
ሰልፉ ከበሩ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ታጥፏል፣
እኔም መሐሉ ነኝ፤ እግሬ አብጧል።
በእጄ ኻሊፋ የሰጠኝ ወረቀት፣ ስድስት ጥያቄ ያለበት፤
እሱ ፈተና ላይ ነው፣ እኔ መልእክተኛ እንደ ጥንት።

ጀግናው «ሻማል» ይባላል፣ የሰሜን ነፋስ ማለት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሲበር አንዲት ሽበት የሌለበት።
ያኔ ልጁ በስድስት ዓመቱ ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣
እኔ ዐረብኛ አላውቅ፣ ለሱም ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተራውጦ፣
ከሥዕሉ ጀመርን፣ አባቱ ካቆየው የድሮ ሳጥን።
«ወደቀ» የሚለውን ቃል ከወደቀ ሰው ተማርኩ፣
«እርዱኝ» የሚለውን ከፈረሰ ድልድይ ሥር ለቀምኩ።

አሁን እሱ ጢም አብቅሏል፣
የኔም ጉልበት ደረጃ ሲያይ ማማረር ጀምሯል፤
ሻማል ግን ያው ነው።

ከፊቴ ቢጁ፣ የታክሲ ሹፌር፣
«ነጅማ በሰማንያ ስምንት ሞተች፤ ትመለሳለች ወይስ እንዲያው ትቅር?»
አንዷ ስለ ባለ ሰዓቱ፣ ስለዚያ ክፉ፣ ትሟገታለች፤
«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ እርስዎስ?» ትላለች።
ሌላው፦ «ጭምብሉን መቼ ያወልቃል? እናቱስ ታውቃለች?»
ሌላዋ፦ «ነዳጁ ሲያልቅ ከተማዋ ምን ትሆናለች?»
አንድ ሕፃን፦ «ሽንቱ ሲመጣ ካባውን የት ይሰቅለዋል?»
ሰልፉ ሳቀ፤ ደራሲው ግን የምሩን ያስባል።

የኻሊፋ አምስተኛዋ እንዲህ ትላለች፦
«ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ሠላሳ ነበር፤
አሥራ ስምንት ሆንኩ፣ እሱ ያው ሠላሳ ነው።
ስደርስበት ይጠብቀኛል ወይስ አልፌው እሄዳለሁ?»

ሰባተኛዋ ግን ወረቀቱ ላይ የለችም። የራሴ ናት።
ቁጥር መቶ አርባ አንድ፣ ገጽ ዘጠኝ። ግንቡ ሲዘም፣
መስታወቱ እንደ ፈንዲሻ ሲፈነዳ፣
ሻማል ሚኒስትሩን አወጣ፣ ድመቷን በብብቱ።
በስተግራ ጥግ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ፣
አንዲት ሴት አለች፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል፣
ቀይ ሻሽ አስራ ልብስ ታሰጣለች። ፊት የላትም። ነጥብ ብቻ።
ገጽ አሥር ላይ ግንቡ የለም።
አሥራ ሁለት ዓመት ገለጥኳት። «ሥዕል ናት፣ አንቺ ደግሞ»
እያልኩ ራሴን ተቆጣሁ።

«ለማን ልጻፍ?» አለኝ።
«ለኻሊፋ።» ስድስቱን አነበብኩ፣ መለሰ፣ ጻፍኩ።
ከዚያ አፌ ደረቀ። «ሴትዮዋ ወረደች?» አልኩ።
«የቷ ሴትዮ?»

ከጎኑ አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ኩርያን፣ ሥዕሉን በቀለም የሚያደምቅ፣
ማንም ፊርማውን ያልጠየቀው፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀለም ያደረ።
መነጽሩን ጠረገ። ጎንበስ ብሎ ከካርቶኑ ውስጥ በረበረ፤
ቁጥር ሁለት መቶ ሦስት፣ ከሳጥናችን የጎደለው።
ገጽ አራት። ሻማል ጣሪያ ላይ ብቻውን ያለቅሳል፤
ከኋላው፣ ሩቅ፣ ሌላ ጣሪያ፣ ገመድ፣
ገመዱ ላይ ቀይ ሻሽ።

«ማንም አላዘዘኝም» አለ፣ ከኔ በባሰ ዐረብኛ፤
«ማንም አልጠየቀኝም። በደረጃ ወረደች።
ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አርፋለች።»

ደራሲው ሥዕሉን አየ። ቀና አለ።
«ስሟ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤
ኩርያንን ይሁን እኔን አልለየሁም።
«ሽታዬ» አልኩ። ከኋላዬ ሰው አጉረመረመ፣ ሰልፉ ገፋኝ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ኻሊፋ ደወለ።
«አምስተኛዋንስ?»
«እለፈው ብሏል። ሲያልፍ ግን ሰላም ይበለኝ ብሏል።»
ዝም አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።
«ነጅማስ?»
«ትመለሳለች አለ» አልኩት፣
«መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»