ቃለ ጉባኤው ውስጥ ያልገባ

ግንቦት አሥር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት፣
ደብረ ብርሃን ጉም ለብሳ፣ መስኮቱ እንደ ወተት፣
ስድስት ሰው በካፖርት፣
አንድ አጀንዳ በጠረጴዛ፦
የግቢውን ዋይፋይ እንለውጥ ወይስ በዚሁ እንሰንብት?

የግዥዋ ኃላፊ፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል፣
«የቆየው ኩባንያ» አሉ፣ «የፈቃድ ማደሻው በዶላር ነው፤ በየዓመቱ ያድጋል።
አዲሱ በግማሽ ዋጋ አውልቄ እሰቅላለሁ ብሏል።»

የአዲሱ ወኪል መጥቶ ነበር ባለፈው ሳምንት፣
በስስ ሸሚዝና ክራቫት፣ ብርዳችንን ሳይገምት፤
ኮፍያ፣ እስክሪብቶ አድሎ፣ ስላይዱን እያሳየን፣
«ሁሉም ነገር በደመና ላይ ነው» አለን።
ደመናማ ለኛ ምን አዲስ ነገር አለው፣
ክረምት በገባ ቁጥር ቢሯችን ድረስ ነው የሚመጣው።

የአሮጌው ወኪል አልመጣም፤ ደብዳቤ ብቻ ጻፈ፣
«ውድ ደንበኛችን ሆይ፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ…»
ዛቻውን ሳይጨርስ በሦስት ነጥብ አረፈ።

ዶክተር ሣህለ ድንግል ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው
ተረታቸውን አመጡ፣ ስብሰባ በገቡ ቁጥር እንደሚያመጡት ሁሉ፦
«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»
«ሰይጣኑን መቼ አየነው?» አለች ትንግርት፣ የተማሪ ተወካይዋ፣
«እኛ እንደሆን ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣
የቤተ መጻሕፍቱን ግንብ ተደግፈን፣
አንድ ገጽ እስኪከፈት ሌሊቱ ይጋመሳል።»

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ባለሙያው?»

የምለው ነበረኝ፤ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣
ፍጥነቱን፣ ዋጋውን፣ ዋስትናውን ለይቼ፣
ሌሊቱን ተቀምጬ በቀይና በአረንጓዴ ቀብቼ።
ሠንጠረዡ ግን ያለፈው ዓርብ የሆነውን አያውቅም።

የሴቶች ማደሪያው ዋይፋይ ድንገት ጸጥ ሲል፣
መሰላል ተሸክሜ ሮጥኩ፤ «ይኸው፣ መሣሪያው አረጀ!» ስል፤
ኮርኒስ ገፍቼ፣ አቧራ ለብሼ፣ ነጩን ሳጥን ስነካካው
ጋሽ አጎናፍር፣ የመብራት ሠራተኛው፣ ከሥር ቆመው፣
«ውረድ» አሉኝ፣ «እሱ ምን አጠፋ?» ካፖርታቸውን ቆልፈው።
ከሕንፃው ጀርባ ወሰዱኝ። ከባሕር ዛፉ ሦስት እርምጃ፣
ከውኃ ቱቦው ሁለት፤ ምልክት የለ፣ ማስረጃ።
«እዚህ ጋ» አሉ። ቆፈርን።
ፍልፈል የጋጠው ገመድ፣ ውኃ ጠጥቶ አገኘን።

ካርታ የለም። ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን እንዳገኘ
«ነገ አመጣዋለሁ» ብሎ ወጣ፤ ነገም እስካሁን አልተገኘ።
ቦዩ ሲቆፈር የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤
የዚህ ግቢ ገመድ ሁሉ በአንድ ራስ ነው የተቀበረው፤
ያ ራስ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ነው የሚወጣው።

ይህንኑ ተናገርኩ። መልአክም ብንገዛ ሰይጣን፣
የሚሰቀለው በዚሁ ገመድ ላይ ነው አልኩና አበቃሁ።
ዝም ተባለ። ወይዘሮ ማንያህልሻል፣
የአዲሱ ኩባንያ ስም ያለበትን እስክሪብቶ አስቀመጡና፣
«የሰው ራስ» አሉ፣ በቅንነት፣ «የበጀት ኮድ አለው?»

የለውም።
ስለዚህ ቃለ ጉባኤው የሚለው ይኼን ነው፦
«በአንድ ሕንፃ ላይ ሦስት ወር ተሞክሮ ሪፖርት ይቅረብ።»
ስድስታችንም ፈረምን፤ እጃችን ቀዝቅዞ ፊርማችን ተመሳሰለ።

ከሰዓት፣ ከጠባሴ ሱቅ ገዛሁ ባለካሬ ደብተር፣
ከአንድ ልብስ ሰፊ ተዋስኩ ቁጥሩ የደበዘዘ ሜትር፤
ጋሽ አጎናፍር ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ ኋላ፣
ጀመርን ከሬጅስትራሩ፣ ከተሰነጠቀው ግንብ ጥላ።
«ከዚህ ማዕዘን ዘጠኝ እርምጃ።» ጻፍኩ።
ጻፍኩና እጄ ቆመ፦
«የማን እርምጃ ነው፣ ጋሼ?»
ጫማቸውን አዩ፣ ገና ዛሬ እንደተዋወቁት ሁሉ።
«የኔ ነዋ» አሉ።
«እስቲ አንዴ ይራመዱ» ብዬ ሜትሩን መሬት ላይ ዘረጋሁ።
ስልሳ ስምንት ሳንቲም።
ከርዕሱም በፊት፣ ደብተሩ አናት ላይ፣ እሱን ጻፍኩ።