የእንቁላሉ ሂሳብ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃችን ተኝቷል፤
የጦይባ ሰርቪስ ገና በአሥራ አንድ ሄዷል፤
ኮምቦልቻ ናት፣ ክር ስትቋጥር ልታነጋ፤
እኔና ሦስት ልጆች፣ አንድ ምድጃ ጋ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሸርፍ ተራ፣ በሰው በረንዳ፤
ሥራ ካለፈው ሰርግ ወዲህ ያየኛል እንደ እንግዳ።
ኪሴን ገለበጥኩት፦ ሦስት መቶ አርባ ብር፤
እሑድ ድረስ መሳብ አለበት ይህ ቁጥር።
ጨርቅ ቢሆን ኖሮ መላው አይጠፋኝም፤
እጥፉን ፈትቼ አስረዝመው የለም?

ሰኞ ገበያ የምወርደው ሲመሻሽ ነው፤
በጠዋት ቲማቲም የሚገዛ ባለገንዘብ ነው።
ዘይቱን ሰላም ብዬ አለፍኩት በሩቁ፤
ድሮ ወዳጄ ነበር፣ ሳይበዛ በፊት ወርቁ።
እትዬ ደብሪቱ መደቧን ስትጠርግ፣
የተጨፈለቀውን ለብቻው ስታደርግ፣
«አብሽር፣ ሙሄ» አለችኝ፣ «መጣህ በሰዓትህ!»
ሚዛን ሳታወጣው ሞላችው ፌስታሌን፤
ሁለት ራስ ሽንኩርት መርቃ ጨመረች፤
ያን የቦርሳ ዚፕ ዛሬም አልረሳች።

ልጅ ግን ዋጋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀለም ነው።
ማክሰኞ አንዋር «ቡናማ አልበላም» አለኝ፣
የሽሮውን ሳህን በክርኑ እየገፋ፤
ሂክማ፣ ሦስት ዓመቷ፣ ከሱ አፍ ሰምታ፣
«ቡናማ!» አለች፣ አፏን በሁለት እጇ ዘግታ።

ምን ይደረግ? ሽሮውን አወፈርኩት፣
ቂጣ ላይ እንደ ገበር በስሱ ዘረጋሁት፤
የቲማቲም ቁልፎች፣ አራት፣ ሰፋሁበት፣
የጎመን ኪስ አወጣሁ፤ «ፒዛ» ብዬ ጠራሁት።
ፒያሳ፣ የካፌው መስታወት ላይ ግንባራቸውን ያሳረፉበት
ያ ነገር ቤታቸው መጣ፤ ተሻሙበት።
ረቡዕ ቂንጬውን በቀይ ሥር ነከርኩት፤
«የሚዜ ቀሚስ ነው» ብዬ ሂክማን አጎረስኳት።

ዛሬ እንቁላል አማራቸው።
ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። አንድ።
ፌስታል ሊሰጠኝ ሲል «ኪሴ ይበቃዋል» አልኩት፤
እንቁላል በኪሱ የያዘ ሰው
እንዴት ቀስ ብሎ ይራመዳል!

አራት ድንች ፈቀፈቅኩ፤ በሻሽ ጨመቅኩት፤
የሽንኩርቱን ግማሽ ዘይት አስነክቼ
መጥበሻውን ወለወልኩበት።
እርድ ቆንጠር አደረግኩ። እርድ ደግ ነው፤
እንቁላል ያልደረሰበትን ሁሉ ቢጫ ይሞላዋል።
ሲጠበስ ጫፉ ዳንቴል መሰለ፤
የጉሙ ሽታ እንኳ ከቤት ተነቀለ።

«ቢስሚላህ» ሳይል እጁን የሰደደው አንዋር፦
«አባዬ፣ ስንት እንቁላል ነው?»

ዝም አልኩ፣ መርፌ በአፉ እንደያዘ ሰው።
ረውዳ ምድጃው ጥግ ጎንበስ ብላ ነበር፤
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማካፈል ጨርሳለች።
ሁለቱን የቅርፊት ስባሪ አንስታ ገጠመችው፤
አንድ ሆነ።
አየችኝ።
ጨበጠችው።
«አራት» አለች። «ሲሰብር ቆጥሬያለሁ።»

አንዋር ጎረሰ፤ ሂክማ «አራት! አራት!» እያለች።
እኔ ግን ልጄን በሜትር ሳልለካት
በአንድ ምሽት አንድ ክንድ ያደገች መሰለኝ፤ ቀሚሷ አጠራት።
ኮራሁ? አፈርኩ? በአንድ ክር ነው የተሰፉት፤
አንዱን ልፍታ ብል ጨርቁ ይቀደዳል።

ጎህ ሲል ጦይባ ገባች፣ ቅንድቧ ላይ ብናኝ ጥጥ።
«ምን በሉ?»
«እንቁላል።»
«ስንት?»
ረውዳ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትንፋሿን ያዘች፤ ሰማኋት።
«አራት» አልኩ።
«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ጫማዋን እየፈታች፤
«እኔም እዚያው በልቻለሁ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁ»፤
ከቦርሳዋ ግን፣ በሶፍት የተጠቀለለ፣
አንድ ዳቦ አወጣች፤
ጥርስ ያልነካው፣ ሙሉ።