በዚህ ስፍራ

የቀጠሩኝ ለሣር፣ ለማጨድ ነው ብቻ፣
ከመንገዱ ጠርዝ ላይ እስከ ወንዙ ዳርቻ።
ታሪክ አንብብ ያለኝ አለቃ የለኝም፤
ግን ማጨጃው ሲደርስ ከብረቱ እግር ግድም
ቀስ ማለት አለበት፣ ስለቱ እንዳይሰበር፤
ሃያ ሁለት በጋ፣ ከትራክተር ወንበር፣
በዚያች ዝግታ ነው ያነበብኩት ነገር።

በፔሪን ላንዲንግ ውስጥ ዘጠኝ አለ ሰሌዳ፣
ከጥጥ መዳመጫው እስከ ቤዝቦል ሜዳ።
አንዱ፣ «በዚህ ስፍራ ቆሞ ነበር» ይላል «የአውራጃው ፍርድ ቤት»፤
ዛሬ የዱፕሪ ጎማ ቤት ነው፣ ዘይት የጠገበ መሬት።
አንዱ ስለ መጀመሪያው ባንክ፣ አንዱ ስለ ቢጫ ወባ፣
አንዱ ከካፒቴኑ ሚስት ግቢ ስለበቀለ አበባ።
ሌላው የጎርፉን ልክ በቀይ መስመር ያሳያል፣
ከራሴ በላይ ነው፤ ቱሪስት ሥሩ ይቆማል።
እያሳሳቀ ነው ውሃ የሚወስደው፤
እሱም እየሳቀ ቁመቱን ይለካል፣ ካሜራው እንዲያየው።

አምስተኛው ግን ሌላ ነው።

ሐምሌ ነበር፣ ቀትር፣ ሞተሩን አጥፍቼ ውሃ ስጠጣ፣
ሚስ ሉቪኒያ ክሬንሾ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣
ዘጠና አንድ ዓመቷን ይዛ፣ መንጠቆዋን ወንዙ ላይ ጥላ፣
«እስቲ አንብበው» አለችኝ፣ «መነጽሬን ዓሣ በላ።»

አነበብኩላት፦
«በዚህ ስፍራ ጄኔራል አምብሮዝ ቴልፌር
ከአራት መቶ ወታደርና ከስድስት መድፍ ጋር
በአንድ ሌሊት ወንዙን ተሻገረ።»

ትል አነሣች፣ መንጠቆው ላይ ሰካች፣ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።
«ማን ቀዘፈ?» አለች።

«ምን?»

«ጄኔራል ሲሻገር ሰምቻለሁ፤
ጄኔራል ሲቀዝፍ ግን ማን አይቶ ያውቃል?»

ለንደን ይባል ነበር፤
ያላያትን ከተማ ስም ጌታው የለጠፈበት፣
ከበቅሎ ጋር በአንድ ደረሰኝ የተገዛ፣
የታንኳው ሰው፣ የሉቪኒያ ቅድመ አያት።
በዚያ ሌሊት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፤
መዳፉ ተልጦ መቅዘፊያው ደም ጠጣ።
ሃያኛውን ለራሱ ቀዘፈ፦
ሚስቱን ጫነ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ጫነ፣ ጨለማን ጫነ፣
ወደ ታች፣ ውሃው ወደሚሄድበት።
ትንሿ ልጅ ኩፍኝ ይዟት ነበር፣ ታለቅሳለች፣ ድምፅ ይሰማል፤
ለአክስቷ ተዋት።

«እኔ» አለችኝ ሚስ ሉቪኒያ፣ «ከቀረችው ነኝ።»

ለዚህ ሰሌዳ የለውም።

ቅኔ ወርቁን ይደብቃል፣ ሰሙን ያሳይሃል፤
ይህ ብረት ግን ወርቁን ፊደሉ ላይ ቀብቶ፣ ፍቺውን ጭቃ ውስጥ ጥሏል።
ደግሞስ «በዚህ ስፍራ» ውሸት ነው፤ መንገዱ ሲሰፋ ጊዜ
ነቅለው ወዲያ ተከሉት፣ ሦስት መቶ እርምጃ፣ ያለ ትካዜ።
ታንኳው የተነሣው እዚህ ነው፣ ባልዲዋን ከደፋችበት፤
ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፣ ዓሣውም ያውቃል ምናልባት።

እኔ ፊደል አልቀርጽም፣ ብረት አላቀልጥም፣
ስም የሚጨምረው ኮሚቴ ስሜንም አያውቅም።
የማውቀው ማጨድ ነው።
ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣
ከባልዲው እስከ ውሃው፣ በአንድ ታንኳ ወርድ፣
ሣሩን እተወዋለሁ።
እስከ ጉልበት ያድጋል፤ ነፋስ ሲመጣ
ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ወደ ፊት ይደፋል፣
ወደ ኋላ ይለጠጣል።

በመስከረም ተቆጣጣሪው፣ ሚስተር ሃስኪን፣ ከመኪናው ወረደ፤
«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ በብዕሩ እያመለከተ።
«ማሽኑ እዚያ አይገባም» አልኩት።
ወንዙን አየ፣ እኔን አየ፣
ጻፈው።